ከባንድ ወደ ባንድ፦ ስለ ኤሪክ ክላፕተን በደብረ ብርሃን የተደረገ ንግግር

(ጊታር ለሚማሩ ወጣቶችና ለወላጆቻቸው በቃል የቀረበ ነው። ከተቀዳው ድምፅ ሲገለበጥ ከአንዳንድ ድግግሞሽ በቀር የተነካ ነገር የለም።)

እንደምን ዋላችሁ! አልሰማሁም። ብርዱ አፋችሁን አሠረው እንዴ? እንደምን ዋላችሁ? እሰይ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። አሁን ሞቅ አለን።

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ልጆቼ፣ ከደብረ ሲናና ከሸኖ ድረስ ጊታራችሁን እንደ ሕፃን አዝላችሁ የመጣችሁ ሁሉ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ጋቢያችሁን ተከናነቡ፤ ግድ የለም። የደብረ ብርሃን ሰው ጋቢ ለብሶ ስለ ሮክ ቢያዳምጥ ነውር የለውም።

ዛሬ የማወራው ስለ አንድ እንግሊዛዊ ጊታር ተጫዋች ነው። ኤሪክ ክላፕተን ይባላል። ወላጆች በልባችሁ «ደግሞ ስለ ፈረንጅ!» ሳትሉ አትቀሩም። እውነታችሁን ነው። እኔም ያደግሁት በአይቤክስና በሮሃ ባንድ ካሴት ነው። የሰላም ወልደማርያምን ጊታር እይዛለሁ ብዬ፣ ባትሪው እንዳያልቅብኝ ካሴቱን በእርሳስ እየጠመዘዝኩ ወደ ኋላ ስመልስ ነው ጣቴ የተፈታው። ነገር ግን ዘንድሮ ብቻ አራት ልጆች በየተራ መጥተው አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ። «ጋሼ፣ ባንድ ልግባ ወይስ ብቻዬን ልሥራ?» የጠየቃችሁኝ እዚሁ ተቀምጣችኋል፤ ስም አልጠራም። ያን ጊዜ መልስ አልነበረኝም። ቤቴ ገብቼ ሳሰላስል ይህ ሰው ትዝ አለኝ። ለምን? ሁለቱንም ሞክሮታላ! ያልገባበት ባንድ የለም፤ ገብቶም ያልወጣበት የለም።

ስለዚህ ሦስት ነገር እናገራለሁ። አንደኛ፣ ባንድ ስለ መግባት። ሁለተኛ፣ ከባንድ ስለ መውጣት። ሦስተኛ፣ ብቻን ስለ መቆም። ከመንገድ ከወጣሁ እጃችሁን አውጡ፤ ያውም እወጣለሁ። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ መቀነሱን ለናንተ ትቻለሁ።

በመጀመሪያ ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። እዚህ ውስጥ አያቱ ያሳደገችው ማን ነው? እጅ! እህ… ብዙ ናችሁ። እኔም ነኝ። መንዝ ውስጥ፣ አያቴ ጭስ ባለበት ቤት ሱፍ እየፈተለች አሳደገችኝ። የአያት ልጅ ሞላቃ ነው ይባላል አይደል? እውነት ነው፤ እኔም ሞላቃ ነበርኩ።

ክላፕተንም የአያት ልጅ ነው። ማርች 30 ቀን 1945 ሪፕሊ በምትባል የእንግሊዝ መንደር ተወለደ። እናቱ ስትወልደው አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ አባቱ የካናዳ ወታደር ነበር፤ ልጁ ሳያየው ወደ አገሩ ተመለሰ። አያቶቹ እንደ ልጃቸው አሳደጉት። እሱም እነሱን እናትና አባቴ፣ የወለደችውን ደግሞ እኅቴ እያለ አደገ። እውነቱን ያወቀው ዘጠኝ ዓመት ሲሆነው ነው። በውጭ አገር ትኖር የነበረችው እናቱ ለጥየቃ መጣች። ልጁም አሁን እማዬ ልበልሽ ወይ ብሎ ጠየቃት። እሷም እነዚህ ሰዎች ይህን ሁሉ ካደረጉልህ በኋላ እነሱኑ እናትና አባት ብትል ይሻላል አለችው። ይህን ራሱ ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ተርኮታል።

ይህን ታሪክ ልብ በሉት። የሙዚቃ ታሪኩን ባነበብኩ ቁጥር ያ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው የሚታየኝ። በየባንዱ ደጃፍ ቆሞ «ቤቴ ልበላችሁ ወይ?» የሚል። ደግሞም «አይሆንም» ከመባሉ በፊት ራሱ ቀድሞ የሚወጣ። ይህ የእኔ አመለካከት ነው፤ እሱ እንዲህ አላለም።

ወንድ አያቱ ግንበኛና ለሳኝ ነበሩ። ልጁ ከሥዕል ትምህርት ቤት በመጀመሪያው ዓመት ሲባረር፣ ከሳቸው ጋር ሲሚንቶ ሲያቦካ ከረመ። ጊታር የያዘው በአሥራ ሦስት ዓመቱ ነው። ሆየር የሚባል የጀርመን ሥሪት፣ ክሩ ብረት፣ ክሩ ከአንገቱ የራቀ፣ ጣት የሚበላ! ተስፋ ቆርጦ ጥሎት ነበር። እዚህ ውስጥ ጣቴ ቆሰለ ብሎ ሁለት ሳምንት የጠፋ ልጅ አለ፤ አሁንም ስም አልጠራም። ክላፕተን በኋላ ተመልሶ አነሣው። አያቶቹ ትንሽ ቴፕ ገዙለት። የሚጫወተውን እየቀዳ፣ ከሸክላው ጋር እያስተያየ፣ ልክ ካልመጣ እንደገና። አስተማሪ የለ፣ ኖታ የለ። ብሉዝ የሚባለውን የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ የሚጫወተው፣ ሚሲሲፒ ያደገው ሮበርት ጆንሰን በሕይወቱ የቀዳው 29 ዘፈን ብቻ ነው፤ በ1938 ገና በሃያ ሰባት ዓመቱ ሞተ። ያ ጥቁር ሰው ያን እንግሊዛዊ ልጅ መቃብር ውስጥ ሆኖ አስተማረው።

እሺ። አንደኛ ያልኩት ባንድ ስለ መግባት ነው።

በ1963 ያርድበርድስ የሚባል ባንድ ገባ። አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው። እዚያ የወጣለት ቅጽል ስም እስከ ዛሬ አልለቀቀውም፤ «ስሎውሃንድ» ይሉታል፤ እጀ ዘገምተኛ እንደ ማለት ነው። ጣቱ ዘገምተኛ ስለሆነ እንዳይመስላችሁ። ቀጫጭን ክር ስለሚጠቀም መድረክ ላይ ይበጠስበታል። ሲበጠስበት እዚያው ቆሞ ይቀይራል። ሕዝቡ እስኪጨርስ ቀስ… እያለ… ያጨበጭባል። «ክላፕ» በእንግሊዝኛ ማጨብጨብ ነው፤ የባንዱ ሥራ አስኪያጅ ያንን ጭብጨባ ከስሙ ጋር አጫውቶ ስም አወጣለት።

እኔም ተበጥሶብኛል! በደርግ ጊዜ ለኪነት ሥራ ሰላድንጋይ ሄደን፣ ሁለተኛው ዘፈን ላይ ቀጭኗ ክር ጧ! አለች። መለወጫ የለም። ያን ጊዜ የጊታር ክር እንደ መድኃኒት ነው የሚፈለገው። ምን ይደረግ? የቤዝ ተጫዋቻችን ሮጦ ሄዶ ከአንድ ብስክሌት የፍሬን ገመድ አንዲት ሽቦ ተርትሮ አመጣልኝ። የብስክሌቱ ባለቤት ፈቅዶ ይሁን ሳይፈቅድ አልጠየቅንም። እሷን ስጠመዝዝ፣ ስቃኝ፣ እንደገና ስትላላብኝ፣ የሰላድንጋይ ሕዝብ እንደ እንግሊዝ ሰው ቁጭ ብሎ አላጨበጨበም። ራሱ ሆ! ብሎ ተነሣ። እኔ ቀና ስል ያለኛ ሦስት ዘፈን አውርደው፣ እስክስታውን አቅልጠውት ነበር። ከዚያ በኋላ የእኛ ሙዚቃ ማን ይፈልጋል? ያን ለሽቦ የሮጠ ልጅ አስታውሱልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ክላፕተን ያርድበርድስን በ1965 ለቀቀ። ያውም ባንዱ ሊታወቅ ሲል! ለገበያ ተብሎ የተሠራው ዘፈናቸው መደመጥ ሲጀምር፣ እኔ ብሉዝ ልጫወት ነው የመጣሁት ብሎ ወጣ። በእሱ ቦታ ጄፍ ቤክ ገባ፤ በኋላም ጂሚ ፔጅ። አስቡት፤ አንድ ወንበር ላይ ሦስት እንዲህ ያሉ ሰዎች።

ከዚያ ጆን ሜዮል ወሰደው። ብሉዝብሬከርስ የሚባል ባንድ ነበረው። ክላፕተን ሜዮል ቤት አንዲት ክፍል ውስጥ ገብቶ የሰውየውን ሸክላ ሁሉ እየሰማ ከረመ። በ1966 አንድ አልበም አወጡ። እዚያ አልበም ላይ ያለው የጊታር ድምፅ እንዴት መጣ? ጊብሰን ሌስ ፖል ጊታሩን ማርሻል ከሚባል አምፕ፣ ከድምፅ ማጉያው ጋር አገናኝቶ፣ ስቱዲዮ ውስጥ እንደ መድረክ አስጮኸው። የሚቀዱት ሰዎች ቀንስ ቢሉት አልቀንስም አለ። አምፑ ከአቅሙ በላይ ሲሆን ድምፁ ይሻክራል፣ ይወፍራል፣ ሳይቆረጥ ይጎተታል። ዛሬ በአንዲት ፔዳል የምታመጡት ነገር ነው፤ እሱ ያን ጊዜ ያመጣው በጩኸት ነበር። ይህን የምነግራችሁ ግን ቤታችሁ ሄዳችሁ እንድትሞክሩት አይደለም። ጎረቤት አለ።

በዚያ ሰሞን አንድ ሰው ሎንደን ውስጥ ግድግዳ ላይ «ክላፕተን አምላክ ነው» ብሎ ጻፈ። (ሳቅ) አማትቡ፣ አማትቡ። እኔም መጀመሪያ ስሰማ አማትቤያለሁ። ግድግዳው የተነሣበት አንድ ዝነኛ ፎቶግራፍ ደግሞ አለ፤ ውሻ እግሩን አንሥቶ እጽሑፉ ሥር ሲሸና ይታያል። ውሻው ነው ያወቀበት።

አሁን ለተማሪዎቹ አንዲት ነገር፤ ወላጆች ታገሡኝ። ይህ ሰው ሲጫወት ጣቱ የሚረግጠው የት ነው? ኤ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ። አምስት ድምፅ። የት ታውቋታላችሁ? ባቲ! ባቲ ማይነር ብለን የምንለማመዳት ናት። እነሱ በዲና በኢ መካከል አንዲት የምታቃጥል ድምፅ ያስገባሉ፤ አንዳንዱን ክር ደግሞ ገፋ አድርገው ያጎብጡታል። አካሄዱ፣ ምቱ፣ አገባቡ ሌላ ነው፤ ባቲና ብሉዝ አንድ ናቸው አላልኩም። አምስቱን ድምፅ ግን ከቤታችሁ ይዛችሁ ነው የመጣችሁት። እኔ በዘይት ቆርቆሮ በሠራሁት ክራር ከብት ስጠብቅ ያንኑ ነበር የምገርፈው። መጀመሪያ የክላፕተንን ሶሎ፣ ጊታሩ ብቻውን ጎልቶ ሲወጣ ስሰማ «ይህን ሰውዬ አውቀዋለሁ» ያልኩት በዚህ ነው።

ወደ ነገሬ ልመለስ። በ1966 ሦስት ሆነው ክሪም የሚባል ባንድ አቋቋሙ። ጃክ ብሩስ ቤዝና ድምፅ፣ ጂንጀር ቤከር ድራም፣ ክላፕተን ጊታር። ስሙ ምን ማለት ነው? ስልባቦት! እኛ ምርጦቹ ነን ማለታቸው ነው። ደግሞም ነበሩ። ችግሩ ብሩስና ቤከር ከዚያ በፊት በነበሩበት ባንድ ጀምሮ የተጣሉ ሰዎች ናቸው። ሦስት ሰው፣ ሁለቱ ጠበኛ፣ ሦስተኛው መሐል። በዚያ ላይ ሁሉም መሪ ነው። አንድ ዘፈን ከሩብ ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ ሁሉም በየፊናው ይሮጣል። ክላፕተን ራሱ የተናገረው ነገር አለ፤ አንድ ቀን መድረክ ላይ መጫወቱን አቆመ። እጁን ሰበሰበ። ሁለቱ ማቆሙን ሳያውቁ ቀጠሉ።

ይህን ስሰማ ምን ትዝ አለኝ? ደብረ ሲና ሠርግ ነበረን። አንድ ሸምገል ያሉ ድምፃዊ ትዝታ እየዘፈኑ ነው። እኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ሶሎ ማን ከልክሎኝ! እሳቸው ትንፋሽ ሲወስዱ እገባለሁ፤ ሲዘፍኑም አልወጣም። ስጨርስ አንዲት እናት ጠላ ይዘውልኝ መጡ። የተወደድኩ መስሎኝ ፈገግ አልኩ። «ልጄ» አሉኝ፣ «ቅድም እሳቸው ሲያወሩ አንተ የምትጮኸው፣ ምን ጎድሎብህ ነው?» ጠላውን ጠጣሁት። ምን ላድርግ? ያን ቀን ግን እስከ መጨረሻው ድረስ ኮርድ ብቻ፣ ዘፋኙን ማጀቢያውን ብቻ ነው የያዝኩት።

ክሪም ኖቬምበር 26 ቀን 1968 ሎንደን ሮያል አልበርት ሆል ተሰናብቶ ተበተነ። ሁለት ዓመት ከምናምን፤ በቃ። በነገራችን ላይ ጂንጀር ቤከር በኋላ ናይጄሪያ ወርዶ ከፌላ ኩቲ ጋር ተጫውቷል፤ ሌጎስም ውስጥ ስቱዲዮ ከፍቷል። ስለ እሱ ሌላ ቀን ጥሩኝ፤ የእሱ ታሪክ ሌሊቱን ሙሉ አይበቃውም።

ሁለተኛ። ከባንድ ስለ መውጣት። አንድ እጅ አየሁ… አዎ፣ ገብቼበታለሁ ማለትህ ነው? ልክ ነህ። ይህ ሰው ሲነሣ መውጣቱ ይቀድማል።

በ1969 ብላይንድ ፌይዝ የሚባል ባንድ አቋቋሙ፤ ስቲቭ ዊንዉድ አለበት፣ ቤከርም ተከትሎ መጣ። የመጀመሪያ ዝግጅታቸው ሃይድ ፓርክ፣ በነፃ፣ ስንት ሺህ ሰው ፊት! አንድ አልበም አወጡ። አሜሪካ ዞሩ። ፈረሰ። የዚያኑ ዓመት ክረምት።

እዚህ ጋ ቀስ ልበል፤ የምወደው ቦታ ነው። በዚያ የአሜሪካ ጉዞ ከእነሱ ቀድመው የሚጫወቱ ባልና ሚስት ነበሩ፤ ዴላኒና ቦኒ። ስማቸው ያን ያህል አልገነነም። ክላፕተን ግን የራሱን ባንድ ትቶ ከነሱ ጋር በአውቶቡስ መሄድ ጀመረ። ይዘፍናሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ አንዱ ለአንዱ ቦታ ይለቃል። ያ አምላክ ነው የተባለ ሰው፣ ብላይንድ ፌይዝ ሲፈርስ የነሱ አጃቢ ሆኖ ገባ። ዳር ቆሞ! ዴላኒም ዝፈን፣ ድምፅ አለህ ብሎ ገፋፋው፤ በ1970 በስሙ የወጣውን የመጀመሪያ አልበሙንም ያዘጋጀለት ዴላኒ ነው። አያችሁ? የብቻ ሥራውን ያገኘው ሰው ሲያጅብ ነው።

ከዚያው ባንድ ሦስት ሙዚቀኞችን ይዞ ዴሪክ ኤንድ ዘ ዶሚኖስን አቋቋመ። ዴሪክ ማን ነው? እሱ ራሱ! ስሙን ደበቀ። የጓደኛው የጆርጅ ሃሪሰንን ሚስት፣ ፓቲ ቦይድን ወድዶ ይቃጠል ነበር። ሃሪሰን ደግሞ እንዲያው ጓደኛ አይደለም፤ በቢትልስ ዘፈን ላይ ሶሎ እንዲጫወት የጋበዘው ሰው ነው። ክላፕተን የፋርሱን ባለቅኔ የኒዛሚን የለይላና የመጅኑን ታሪክ አንብቦ፣ በፍቅር ያበደውን ሰው ራሱን አድርጎ «ለይላ»ን ሠራ። ማያሚ ውስጥ ሲቀዱ ዱዌን ኦልማን የሚባል አሜሪካዊ ጊታሪስት መጥቶ ገባ። ሁለት ሊድ ጊታር አንድ ዘፈን ውስጥ ይጣላል ትላላችሁ፤ እነዚህ ግን ይጠራራሉ። አንዱ ሲጠይቅ ሌላው ይመልሳል። በእኔ ጆሮ ክላፕተን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንዲህ ተጫውቶ አያውቅም። ምክንያቱስ? ከጎኑ የሚበልጠው ሊሆን የሚችል ሰው ነበር፤ ስለዚህ አዳመጠ።

አልበሙ ኖቬምበር 1970 ወጣ። ዴሪክ ማን እንደሆነ ሰው አላወቀም፤ ገበያውም እንደታሰበው አልሆነም። አልበሙ ሊወጣ ሁለት ወር ያህል ሲቀረው ጓደኛው ጊታሪስቱ ጂሚ ሄንድሪክስ ሞቶ ነበር። በዓመቱ ኦልማን በሞተር ሳይክል አደጋ ሞተ። ባንዱ ሁለተኛ አልበም ጀምሮ በጠብ ተበተነ። ክላፕተን ቤቱን ዘግቶ ገባ። ሄሮይን። ወደ ሦስት ዓመት ግድም! ጊታሮቹን እየሸጠ ገዛበት።

ወላጆች፣ ሙዚቀኛ ሁሉ እንዲህ ነው ብላችሁ ልጆቹን እንዳታስቀሩብኝ። ልጆች ደግሞ፣ እንዲህ ካልሆንኩ ሙዚቀኛ አልሆንም እንዳትሉ። ጫቱም፣ አረቄውም ያው ነው። አንድም ጥሩ ሶሎ ጠርሙስ ውስጥ አላገኘሁም፤ ፈልጌ ነበር።

ስለ መውጣት እየተናገርኩ የራሴን ብደብቅ ደግ አይደለም። እኛም ባንድ ነበረን። ከኪነቱ በኋላ፣ ደርግ ወድቆ ሁሉ ነገር ክፍት የሆነበት ጊዜ ነው። ድራም፣ ኪቦርድ፣ ቤዝ፣ አንዲት ድምፃዊት፣ እኔ። ሐሙስ ዕለት ከአዲስ አበባ ሰው መጣ፤ አንድ ትልቅ ሆቴል ሊድ ጊታር ይፈልጋል፣ የወር ደመወዝ፣ ምግብ፣ መኝታ። ቅዳሜ ሸዋ ሮቢት ሠርግ ነበረን። ቀብድ ተቀብለናል። ለማንም ሳልነግር ዓርብ ጠዋት አውቶቡስ ላይ ወጣሁ። አምፑን እንኳ ሳልመልስ። አምፑ የጋራ ነበር።

ሸዋ ሮቢት ያለ እኔ ሄዱ። ያ ለሽቦ የሮጠው ልጅ፣ ቤዙ፣ የእኔን መስመር ሁሉ በቤዝ ተጫወተው። በአራት ክር የስድስት ክር ሥራ! ሌሊቱን ሙሉ። ይህን የሰማሁት ከዓመታት በኋላ ነው።

ሆቴሉ? ሦስት ወር አልሞላኝም፤ አንድ ቀን መጥተው በኪቦርድ ብቻ እንሠራለን አሉኝ፤ የመጨረሻውን ወርም አልከፈሉኝም። ይገባኝ ነበር እላለሁ አንዳንዴ። ወደ ደብረ ብርሃን ለመመለስ ግን በምን ፊቴ? ሰባት ዓመት! ለሥራ ወደ ደሴ ስሄድ አውቶቡሱ በዚህች ከተማ ሲያልፍ መጋረጃውን እስብ ነበር። እስከ ጣርማበር ዋሻ ድረስ አልገልጠውም።

ስለዚህ ክላፕተን ለምን ወጣ ብዬ አልፈርድበትም። አወጣጥ ግን አለ። እሱ አብዛኛውን ጊዜ ተናግሮ ነው የወጣው።

እሱንስ ማን መለሰው? ጓደኞቹ። ዘ ሁ የሚባለው ባንድ ጊታሪስት ፒት ታውንሼንድ ጃንዋሪ 1973 ሎንደን ሬይንቦ ቲያትር ውስጥ ዝግጅት አሰናድቶ፣ ሙዚቀኞቹን ሰብስቦ፣ ጎትቶ መድረክ ላይ አወጣው። ወዲያው አልዳነም፤ ሕክምና ገባ፣ እርሻ ላይ ሲሠራ ከረመ። በዚያ ዘመን ብዙ የተጫወተበት ጥቁር ጊታር ነበር፤ ብላኪ ይሉታል። በ1970 ናሽቪል ከአንድ ሱቅ ስትራቶካስተር የሚባሉ ስድስት አሮጌ ጊታሮች በርካሽ ገዛ። ሦስቱን ለሃሪሰን፣ ለታውንሼንድ፣ ለዊንዉድ ሰጠ። ከቀሩት ሦስቱ የአንዱን አንገት፣ የሌላውን አካል፣ የሦስተኛውን ዕቃ ገጣጥሞ አንድ ጊታር ሠራ። በ2004 በጨረታ 959,500 ዶላር ተሸጠ። ገንዘቡም አንቲጓ ደሴት ላይ በ1998 ላቋቋመው የሱሰኞች ማገገሚያ ዋለ። አንገቱ ከዚህ፣ ገላው ከዚያ ብላችሁ አሮጌ ጊታር ስትንቁ ይቺን አስታውሱ።

በ1974 ሲመለስ ከፍ ያደረገው ዘፈን የማን ነበር? የቦብ ማርሊ! «አይ ሾት ዘ ሸሪፍ» የሚለው። አሜሪካ ውስጥ አንደኛ ወጣ፤ ብዙ ፈረንጅ የማርሊን ስም የሰማው ያን ጊዜ ነው። ማርሊ በ1978 አገራችን መጥቶ ሻሸመኔን አይቷል፤ በ2005 ስድሳኛ ልደቱ መስቀል አደባባይ ሲከበር ከናንተ ታላላቆች የሄደ አለ።

እዚህ ላይ የማልሸፍነው ነገር አለ። በ1976 ይኸው ሰው በርሚንግሃም መድረክ ላይ ሰክሮ ቆመና በጥቁሮችና በስደተኞች ላይ የስድብ መዓት አወረደ፤ ከእንግሊዝ ይውጡልን አለ። ከሮበርት ጆንሰን የተማረ! በማርሊ ዘፈን ከሞት የተነሣ! ይህን የሰሙ ሰዎች ተቆጥተው ሮክ በዘረኝነት ላይ የሚል እንቅስቃሴ አስነሡ። እሱ ከብዙ ዘመን በኋላ አፍሬበታለሁ ብሏል። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ጣቱን እንጂ አፉን አልሰማም። ሁለቱን መለየት ትችላላችሁ ወይ? እኔ አንዳንድ ቀን እችላለሁ፤ አንዳንድ ቀን ካሴቱን አወጣዋለሁ።

ሦስተኛ። ብቻን ስለ መቆም። ይህን አጠር አድርጌ ልለፈው።

በ1982 ከመጠጥ ለመዳን ታክሞ ወጣ፤ እንደገና ወደቀ፤ በ1987 እንደገና ገባ። ከዚያ ወዲህ አልጠጣም። ማርች 20 ቀን 1991 ኮነር የሚባል የአራት ዓመት ልጁ ኒውዮርክ ውስጥ ከሃምሳ ሦስተኛ ፎቅ መስኮት ወድቆ ሞተ።

እናቶች… አዎ። እኔም እዚህ ላይ ስደርስ ዝም ነው የምለው።

አልጠጣም። ለስላሳ ክር ያለው ጊታር ይዞ ተቀመጠ፤ ለልጁ ዘፈን ሠራ። ጃንዋሪ 1992 ያለ ኤሌክትሪክ ጊታር፣ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ አንድ ዝግጅት አቀረበ። ከዚያ የወጣው አልበም ከ26 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል ይባላል፤ በ1993 ስድስት ግራሚ አመጣለት። «ለይላ»ንም እዚያ ተጫወታት። ያቺ የምትጮኸውን፣ የምትነደውን! ቀስ አድርጎ፣ በእግር እንደሚሄድ ሰው። ሕዝቡ መጀመሪያ ምን እንደሆነች አላወቃትም፤ ሲለያት አጨበጨበ።

ሥራው የብቻው ነው ይባላል። ቪዲዮውን ስታዩ ግን ቁጠሩ። ሁለተኛ ጊታር አለ፣ ቤዝ አለ፣ ድራም አለ፣ ፒያኖ አለ፣ ከበሮ መቺ አለ፣ ሁለት ተቀባይ ሴቶች አሉ። «ጋሼ፣ ብቻዬን ልሥራ?» ያላችሁኝ ልጆች፣ እዩና ቁጠሩ።

ሽልማቱን አልዘረዝርም፤ ሮክ ኤንድ ሮል የዝና አዳራሽ ሦስት ጊዜ ያስገባው እሱን ብቻ ነው፤ ከያርድበርድስ ጋር፣ ከክሪም ጋር፣ ከዚያም በራሱ። እኔ የምወደው ሌላ ነው። በ2000 ከአሜሪካዊው የብሉዝ ጊታሪስት ከቢ ቢ ኪንግ ጋር አልበም ሠሩ። የሽፋኑን ፎቶግራፍ ፈልጋችሁ እዩት። ክፍት መኪና ነው። ሽማግሌው ኪንግ ከኋላ ወንበር ደልቀቅ ብለው ተቀምጠዋል፤ ሹፌሩ ክላፕተን ነው።

ጨረስኩ ልል ነበር፤ አንድ የቀረኝ አለ። አያቴ ስትሞት መንዝ ወረድኩ። ለቅሶው ላይ፣ ድንኳኑ ውስጥ፣ አንድ ሰው መጥቶ ከጎኔ ተቀመጠ። ያ የቤዝ ተጫዋች። ከሰባት ዓመት በኋላ! ከመኪና መንገድ ወርዶ በእግሩ ነው የመጣው። ስለ ሸዋ ሮቢት ያነሣል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። ብዙ ዝም አለ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ቀጭኗ ክር አሁንም ትበጠሳለች?» አለኝ። ለቅሶ ላይ ሳቅሁ። ዘመዶቼ እስከ ዛሬ ይወቅሱኛል።

አሁን ወፍጮ ቤት አለው። እሑድ እሑድ እኔ ቤት እንጫወታለን። ዛሬ ደግሞ ከዚያ ከሦስተኛው ረድፍ፣ ባርኔጣውን ዓይኑ ላይ ደፍቶ ስሙ እንዳይጠራ እየጸለየ ነው። አልጠራውም። ግን ወንድሜ፣ ተነሥ። ቤዙ እዚያ ጥግ አለ፤ መብራቱም ዛሬ እግዜር ይስጠው አልጠፋም። ልጆች፣ መንገድ ልቀቁለት።

ኤ ማይነር ነው። አንተ ጀምር፣ እንደ ፈለግህ ቀስ አድርገው። እኔ ኮርዱን እይዝልሃለሁ።